ጋቢ የለበሰው ድራም

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ቤዝመንቱ ሊዘጋ ነው። ከሥራ ወጥቼ ባስ ስጠብቅ ዳኒ ኮል አድርጋ ነገረችኝ። ድምፅዋ ሰው የሞተባት ይመስል ነበር። ሕንፃው ተሽጧል፤ ፈርሶ አፓርትመንት ይሠራበታል አሉ። የመጨረሻው ቀን የፊታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ቤዝመንቱ የምለው ልጄ ቤዛ ድራም ትመታበት የነበረው ሙዚቃ ቤት ነው፤ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከመንገዱ በታች በደረጃ የሚወረድበት። በሩ ላይ የተጻፈ ስም አለው፤ ግን አንድም ሰው በስሙ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ዳኒ የባንዳቸው ጊታር መቺና ዘፋኝ ናት። የራሷ ግማሽ የተላጨ፣ ሆዷ ግን ቂቤ የሆነ ልጅ። እኔን «ማማ» ትለኛለች።

ቀጥላ ዋናውን ነገር አመጣችው። «ማማ፣ እሑድ የቤዛን ድራም ብንወስደው ትፈቅጃለሽ? እዚያ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ እንዲመታ እንፈልጋለን። እምቢ ካልሽም እንረዳለን።»

ላስብበት አልኳት። ባሱ መጣ። ሳስብ ሳስብ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ድራሙ ቤዛ ክፍል ውስጥ ነው። ከቀብሯ ማግስት የባንዱ ልጆች አምጥተው እሷ እንደምታስቀምጠው አድርገው ገጠሙት። እኔ ጋቢ አለበስኩት። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ሙት ዓመቷ ጥቅምት 21 ነው፤ የማርያም ዕለት። በዚህ አገር አቆጣጠር የወሩ መጨረሻ መሆኑ ነው። ዓመቱ ሳይወጣ በቤቴ ሙዚቃ አይሰማም። ሬዲዮ ከፍቼ አላውቅም። ቲቪ ላይ ዘፈን ከመጣ ድምፁን አጠፋዋለሁ። እናቴም ለአባቴ እንደዚሁ ነበር ያደረገችው።

ሦስት ሳምንት ቢቆዩልኝ ምን ነበረበት? ሕንፃ ለሐዘንተኛ አይቆይም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

እትዬ ዘነቡ ጋ ደወልኩ። ታላቅ እህቴ ናት፣ አሌክሳንድርያ ነው የምትኖረው። ለሷ ያልነገርኩት ነገር ሆዴን ይነፋኛል።

«ዓመቷ ሳይወጣ ድራም? አስኔ፣ ደህና ነሽ?»

«ጠየቁኝ ነው የምልሽ። እሺ አላልኩም።»

«የምን መጠየቅ ነው። ያ ቤት አይደለም እንዴ ልጅቷን የበላት?»

 ቤዛን የበላት መንገድ ነው። ጠዋት ነበር፤ ዝናብ ነበር፤ ወደ ሥራዋ እየሄደች ነበር፤ ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ። ቤዝመንቱ የለበትም። ሰው ግን የሚያሳብብበት ይፈልጋል። በዝናብ ከማሳበብ በመጠጥ ቤት ማሳበብ ይቀላል።

«የጠየቁኝ እነዚያ ለቅሶ የደረሱት ልጆች ናቸው» አልኳት።

እዚህ ላይ በረደች። እነዚያን ልጆች ትወዳቸዋለች። ለቅሶው ዕለት ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው ነበር የመጡት። ጫማቸው ጥቁር፣ ጥፍራቸው እንኳ ጥቁር። የኛዎቹ ልጆች በጂንስና በቀይ ሹራብ ሲመጡ እነሱ እንደ ቤተ ዘመድ ተሰልፈው ገቡ። እትዬ ያን ቀን ለሴቶቹ ሁሉ «ፈረንጅ ሥርዓት አያውቅም የምትሉ፣ ኑና እዩ» ስትል ነበር የዋለችው።

«ልጆቹስ ጨዋ ናቸው» አለች አሁንም። «ቢሆንም አባን ሳትጠይቂ እንዳታደርጊው። ሰው ምን ይላል?»

ሰው ምን ይላል። ለቅሶው ሳይደርቅ ዘፈን ቤት ገባች ይላል። ይላል፣ አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

የንስሐ አባቴን በስልክ አገኘኋቸው። መኪና ውስጥ ነበሩ፤ ስልኩ ይቆራረጣል። ነገሩን በሙሉ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ጸሎቱና ፍትሐቱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱ ተደርጓል፣ ሙት ዓመቱም ይደረጋል» አሉኝ። «ሙዚቃ አለመስማት ግን የሰው ልማድ ነው። ደግ ልማድ ነው። በዚህ ላይ አዎ ወይም አይ ብዬ አልፈርድብሽም። ሐዘኑ ያንቺ ነው።»

ከሳቸው ፍርድ ጠብቄ ነበር፤ መልሰው ለኔ ሰጡኝ። «እሺ አባ፣ ይፍቱኝ» ብዬ ዘጋሁ። ትንሽ ተናደድኩ። ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ በሥራ ላይ የምንከባከባት፣ ከአልጋ የማነሣት አሮጊት «ለምን ሁልጊዜ ጥቁር ትለብሻለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፤ ትረሳዋለች። እኔም በየሳምንቱ እነግራታለሁ። እጄን ትይዘኛለች። አንዳንዴ እሷ ብቻ ናት እንደ አዲስ የምታዝንልኝ። ሌላው ሰው «በቃሽ፣ እግዚአብሔርን ታስቀይሚያለሽ» ይላል። ቀብሩም ላይ ድምፄን አውጥቼ ሳለቅስ ክንዴን ይዘው በቃሽ በቃሽ አሉኝ። ፊውነራል ቤቱ ሰዓት ነበረው፤ ሌላ ሬሳ ይጠብቃል። ቤት ስመለስ ደግሞ ግድግዳው ስስ ነው። ትራስ አፌ ላይ አድርጌ ነው የማለቅሰው። ከታች ሚስተር ፔሬዝ አለ።

ሚስተር ፔሬዝ ቤዛ ስትለማመድ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድብ የነበረው ሰው ነው። ድራሙ ላይ ላስቲክ አልብሳውም ቢሆን በእግሯ የምትመታው ወደ ታች ይሰማል። እሱ ከታች ዱብ፣ እሷ ከላይ ዱብ። «ማሚ፣ ሂ ኢዝ ኦን ቢት» ትለኝና ትስቃለች። ምቱን ጠብቋል ማለቷ ነው። ከሞተች ወዲህ አንድ ቀን መትቶ አያውቅም። የሚመታበትም የለ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ኦፍ ነበርኩ። ዳኒን «እሺ ከማለቴ በፊት ቤቱን በዓይኔ ልየው» አልኳት። ቤዛ በሕይወት እያለች ገብቼበት አላውቅም። በር ላይ አድርሻት እመለስ ነበር።

በቀን ነው የሄድኩት። ደረጃው ቁልቁል ነው፤ ዳኒ ክንዴን ይዛኝ ወረድን። ከሁሉ አስቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የቢራ፣ የእርጥብ ካርቶን፣ የላብ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ግድግዳው በወረቀት ላይ ወረቀት ተለጥፎበት እንደ ፍራሽ ወፍሯል። መድረኩ ከአልጋ ብዙም አይበልጥም። እውነት ለመናገር፣ ለዚህ ነው እንዴ ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው አልኩ በልቤ።

ባለቤቷ ሚስ ሮኒ ትባላለች። ከኔ ትበልጣለች፤ ነጭ ጸጉሯን በአንድ ጉንጉን ወደ ኋላ ጥላ ቁልፍ ወገቧ ላይ አንጠልጥላለች። አቀፈችኝና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። ከዚያ ቤቱን እንደ ርስት አስጎበኘችኝ። እዚህ መድረክ ላይ በጥቂት ሰው ፊት የጀመሩ፣ ዛሬ ስታዲየም የሚሞሉ አሉ አለችኝ። ማደሪያ ሲያጡ እዚሁ ወለል ላይ ያስተኛቻቸው ናቸው።

«ተመልሰው መጥተው ያውቃሉ?» አልኳት።

«አንዱ መጥቶ ነበር። ሽንት ቤቱ እንዳልታደሰ አይቶ ደስ ብሎት ሄደ።»

መድረኩ አጠገብ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። ዳኒ አነበበችልኝ፤ የወደቀ ካየህ አንሣው ይላል። ልጆቹ እየዘለሉ ሲጋፉ አንዱ ከወደቀ ዙሪያው ያለው ሁሉ ቆሞ ያነሣዋል፤ የዚህ ቤት ሕግ እሱ ነው አለች። ያላነሣ ይወጣል። አሁን ገባኝ። ቤዛ በአሥራ ስድስት ዓመቷ እዚህ መምጣት ስትጀምር ሁለት እጇ ላይ በጥቁር ማርከር ትልቅ X ተጽፎባት ትመለስ ነበር። ምንድነው ስላት «ትንሽ ናት፣ መጠጥ እንዳትሸጡላት ማለት ነው» አለችኝ። ያኔ አላመንኳትም። የሰው ልጅ እንዲህ ምልክት አድርጎ የሚጠብቅ መጠጥ ቤት አለ ብዬ አላሰብኩም።

ከዚያ ቀና አልኩ።

ጣሪያው ጃርት መስሏል። የድራም መምቻ እንጨቶች፣ ስቲክ የሚሏቸው፣ በየስንጥቁ ተሰክተዋል። ሁሉም የተሰበሩ ናቸው። መድረክ ላይ የተሰበረ ስቲክ አይጣልም፤ የመታበት ሰው ራሱ ይሰካዋል አለች ሚስ ሮኒ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲያ ሲሰካ ኖሯል። አንዳንዶቹ ጠቁረዋል። እኔ ግን ዓይኔ በአንድ ጥግ ላይ ቀረ። እዚያ ያሉት መያዣቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ተጠቅልሎባቸዋል። የቁስል ፕላስተር። የኔ ፕላስተር።

ከፋርማሲ እየገዛሁ መታጠቢያ ቤት የማስቀምጠው ነው። ቤዛ መጀመሪያ ስትለማመድ ጣቷ ውሃ ይቋጥር ነበር፤ እኔ ነኝ የምጠቀልልላት። ኋላ ስቲኩንም መጠቅለል ጀመረች መሰለኝ። እኔ ደግሞ እዚህ ቤት ፕላስተር የሚበላ አይጥ አለ ስል ነበር። ፕላስተሩ እዚህ ነው የመጣው። ጥጉ ሞልቷል። ልጄ ይህን ሁሉ መትታ፣ ይህን ሁሉ ሰበረች።

«እሷን የመሰለ መቺ እዚህ ቤት ብዙ አላየሁም» አለችኝ ሚስ ሮኒ። «ለማጽናናት አይደለም። በሙዚቃ አልዋሽም።»

ቀጥሎ ልጆቹ ዕቃ ለመሸከም ገቡ። ሁሉም ያንኑ ጥቁር ልብስ ለብሰዋል፤ ያንኑ የለቅሶውን። ዓመት ሙሉ!  ዳኒን በጆሮዋ «እስከ ዛሬ ከሐዘን አልወጣችሁም እንዴ?» አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አፏን ያዘች።

«ማማ፣ ሌላ ልብስ የለንም እኮ። ሁልጊዜ ይሄ ነው የምንለብሰው።»

ሳቅሁ። ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። ሚስ ሮኒም ሳቀች፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ። ለእትዬ አልነግራትም። ያ ቀን እንደነበረ ይቀመጥላት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

ጠዋት ጋቢውን አነሣሁ። አቧራ የለውም። ቁጭ ብዬ አየሁት። ዓመቱ ሳይወጣ ድራም ማስመታት ሐዘኔን ማቃለል ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። ልጄን እንደረሳኋት እንዳይሆን። ደግሞ ድራሙ ቤቱ እስኪፈርስ ጋቢ ለብሶ ቢቀመጥ እሷን ማክበር ነው? የትኛው ነው ማክበር?

የሚያስፈራኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የሰው አፍ። ሌላው፣ ድምፁን ስሰማ እሷ አለመሆኗን ማወቄ። ትልቁ ሁለተኛው ነው።

ማታ ለዳኒ እሺ አልኳት። አንድ ነገር ግን አልኩ፤ የሚመታበትን ስቲክ እኔ ነኝ የምጠቀልለው።

«እሺ እሺ» አለችኝ በአማርኛ። ከቤዛ የለመደችው ነው። ከዚያ ስልኩ ላይ አለቀሰች።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ልጆቹ መጥተው ድራሙን አወረዱ። ከሌላ ባንድ የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ ናት የምትመታው። ስቲኮቹን በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ እንዲህ አድርገሽ ስጪ ብለው ሳያስጠኗት አልቀሩም። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብዬ ጠቀለልኩላት፤ የቤዛን ጣት እጠቀልል እንደነበረው፣ ሳላጠብቀውና ሳላላላው። 

ሊፍት ላይ ሚስተር ፔሬዝ ገጠመን። ትልቁን ድራም ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ወዴት ነው አለ። ነገርነው። ራሱን ነቀነቀ።

እትዬ ደወለች። ወስደውታል አልኳት።  ከዚያ «እንግዲህ የራስሽ ጉዳይ። እኔ እግሬን አላነሣም» ብላ ዘጋችው። ክፍሉ ባዶ ሆኗል። ምንጣፉ ላይ የድራሙ እግሮች ጉድጓድ ቀርቷል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

በእርጋታ ልጻፈው። 

ቅዳሴ አስቀድሼ ቤት ገባሁ፤ ትንሽ ቀመስኩና ወጣሁ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዶ ደርሷል። ሽበታሞች፣ ልጅ ያዘሉ፣ ከሌላ ስቴት የመጡ። በር ላይ ያለው ትልቅ ሰውዬ የማይጠጣ ሰው እጅ ላይ X ያደርጋል፤ ዕድሜም አይጠይቅም። ሁለቱን እጄን ዘረጋሁለት። አየኝ፤ ነጠላዬንና ጥቁር ልብሴን አየ። ምንም ሳይል በሁለቱም ላይ ጻፈልኝ።

ልወርድ ስል ከኋላዬ «ቆይ! ደረጃው ያድጣል» የሚል ሰማሁ። እትዬ ዘነቡ ናት። ጥቁር ቀሚስ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አጣፍታ፣ ከአሌክሳንድርያ ድረስ።

«አልመጣም አላልሽም?»

«አልመጣም ብያለሁማ። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ብቻውን ሲሄድ የት አይተሻል? አንቺን ብዬ እንጂ እነሱን ብዬ አይደለም።»

ሚስ ሮኒ ለሁለታችንም የጆሮ መድፈኛ ሰጠችን። እትዬ አገላብጣ አየችው። «ከረሜላ ነው?» አለችኝ። ጆሮሽ ላይ ነው ስላት «የማይሰማ ሙዚቃ ለመስማት ነው እንዴ ሰው የተሰለፈው?» አለችና ሰካችው።

ከመድረኩ ጎን ወንበር ተዘጋጅቶልን ነበር። ሌሎች ባንዶች ተጫወቱ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሙዚቃ ነው ልበል፣ ነጎድጓድ ነው ልበል፤ ከወለሉ ተነሥቶ በጫማዬ ነው የሚገባው። ልጆቹ ይዘላሉ፣ ይጋፋሉ። እትዬ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። አንድ ወፍራም ሰው ወደቀ፤ ወዲያው ዙሪያው ክፍት ሆነ፤ አራት እጅ አነሣው፤ መነጽሩን ፈልገው ሰጡት፤ እንደገና መዝለል ጀመሩ። እትዬ ወደ ጆሮዬ ጮኸች፤ «አየሻቸው? ሥርዓት ያላቸው ናቸው ብዬሻለሁ!»

ከዚያ ዳኒ ወጣች። ብዙ አልተናገረችም። «ይሄ የቤዛ ድራም ነው። እናቷ እዚህ ናት» ብቻ። ሰው አላጨበጨበም። ሁሉም ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ በዚያ ጠባብ ቤት፣ ጸጥ።

ቀጭኗ ልጅ ትልቁን ድራም በእግሯ መታች። ዱብ። እንደገና ዱብ። ደረቴ ላይ ነው ያረፈው። እንደ ቤዛ አልነበረም። አውቄዋለሁ፤ ቤዛ ትንሽ ትቸኩላለች። እሷ አለመሆኗን ድራሙ ራሱ ነገረኝ፤ የፈራሁት መጣ። ከዚያ ሌሎቹም መሣሪያዎች ባንድነት ገቡ፤ ቤቱ ተናወጠ፤ እኔም አለቀስኩ።

ለቅሶ አልኩ እንጂ ጩኸት ነው። ልጄ፣ ልጄ፣ ቤዛዬ፣ አልኩ። በስሟ ተጣራሁ። ደረቴን መታሁ። ዓመት ሙሉ ትራስ ውስጥ የቀበርኩትን ሁሉ አወጣሁት። በቃሽ ያለኝ የለም። ድምፄ ከዚያ ድምፅ አይበልጥም፤ የፈለግኩትን ያህል ብጮህ ቤቱ ይሸከመኛል። እትዬ ግን ሰማችኝ፤ ወይም አየችኝ። ወገቤን ያዘችኝ። እሷም ትጮህ ነበር፤ አፏ ሲከፈት አየሁ። መሬት ልወድቅ ስል ከፊት ያሉት ልጆች ዞሩ። በሁለት ወገን አነሡኝ፤ ቀጥ አድርገው አቆሙኝ፤ ሙዚቃው እስኪያልቅ አልለቀቁኝም።

ሰው ለምን ይህን ያህል ዓመት ወደዚህ እርጥብ ጉድጓድ ሲወርድ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ። በሌላ ቦታ ይህን ያህል መጮህ አይፈቀድም።

ሲያልቅ ልጅቷ ስቲኩን አየችው። አልተሰበረም ነበር። ሰው ሳቀ። እትዬ ወደ መድረኩ ወጣች፤ ረጅም ናት፤ እጇን ወደ ጣሪያው ሰደደችና ነጭ ፕላስተር ካለባቸው አንዱን መዝዛ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ማንንም አላስፈቀደችም። ማንም ምንም አላላትም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ድምፄ ጠፍቷል። ሥራ ቦታ ጉንፋን ነው አልኳቸው።

እትዬ ደወለች። «ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል፤ የዚያች አሮጊት ከረሜላ ምንም አልሠራ» አለችኝ። ቀጥላ «ስቲኩ እኔ ጋ ነው። እስከ ሙት ዓመቱ እኔ ጋ ይቆይ?» አለች። ይቆይ አልኳት። ስለ ሰው አፍ አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም። ጥቁሩን አላወልቅም፤ ሬዲዮም አልከፍትም፤ እስከ ጥቅምት 21 እንደያዝኩት እይዛለሁ። ትናንት ግን ከሐዘኔ የወጣሁ አይመስለኝም። የገባሁበት ይመስለኛል።

ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ድራሙን መልሰው ገጠሙት፤ እግሮቹን በየጉድጓዳቸው። ሲሄዱ ጋቢውን አንሥቼ ላለብሰው ነበር። አጥፌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ሆኖ ክፍሉ ሌላ ነው፤ መስኮቱ ይታያል፤ በሩ ይታያል፤ ሻይ ይዤ ስገባ የምታየኝ ከዚህ ነበር።

እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳረፍኩ። አንዴ ብቻ ረገጥኩት። ዱብ።

ቤቱ ጸጥ አለ። 

ከታች፣ ከሚስተር ፔሬዝ ቤት፣ የመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን መታ። ቀስ ብሎ፣ አንዴ። ተቆጥቶ ይሁን ሰላም ሊለኝ አላወቅሁም። ትንሽ ጠበቅሁ፤ ሌላ አልመታም። እሱም እየጠበቀ መሰለኝ።

እግሬ አሁንም ፔዳሉ ላይ ነው።